የፋንታዬ ሳህን

የጥር ጊዮርጊስ ዕለት ተሳልሜ ስወጣ ታክሲ መያዜን ትቼ ቁልቁል ወደ ዶሮ ማነቂያ ወረድኩ። ሰፈሩ እንደሌለ አጥቼው አይደለም፤ ሲፈርስ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ቆሜ አይቻለሁ። ግን እግርን የለመደውን መንገድ ማን ያስረሳዋል? አሁን ቦታው አምሯል፣ ሐሰት አልናገርም። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የተከረከመ ሣር፣ ማታ ማታ ቀለሙ የሚለዋወጥ መብራት፣ ለፎቶ የሚሽቀዳደሙ ሙሽሮች። ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃው ጫማችንን ከእግራችን እየነጠቀ የሚያስቀርብን ያ ጠባብ መንገድ በየት በኩል እንደነበር ለልጅ ልጆቼ ባሳያቸው አያምኑኝም። እኔ ግን የጊዮርጊስን ጉልላት አየሁ፣ ከመፍረስ የተረፈችውን አንዲት አሮጌ ጥድ አየሁ፣ ወዲህ ዞር ወዲያ ዞር ብዬ አንድ የድንጋይ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። በእኔ ግምት የተቀመጥኩት የስፌት መኪናዬ በነበረችበት ቦታ ላይ ነው። ብሳሳትም ብዙ አልሳሳትም።

ትንሽ ቆይቶ ሁለት ቻይናውያን ወጣቶች የሥራ ቆባቸውን አውልቀው ከአግዳሚው ወዲያኛው ጫፍ ተቀመጡ። ጭር ያለ ቦታ ፈልገው ነው መሰለኝ አሮጊት አጠገብ የመጡት። የምሳ ሳህናቸውን ሲከፍቱ የኮምጣጤና የነጭ ሽንኩርት ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና አለቀልኝ። ኮምጣጤ ለሌላው ሰው የሰላጣ ነው። ለእኔ ግን የፋንታዬ ሽታ ነው፤ ጓዳዬ ውስጥ ለዓመታት የኖረ፣ መጋረጃዬንና ብርድ ልብሴን ያልለቀቀ፣ ያኔ አፍንጫዬን እየያዝኩ ስረግመው የነበረ ሽታ። ዛሬ ቢሸጡልኝ ገዝቼው እገባ ነበር።

ስሟ ሊ ፋንግ ነው። የዶሮ ማነቂያ ልጆች ስም ካላወጡ እንቅልፍ አይወስዳቸውምና በሳምንቱ ፋንታዬ አሏት፣ ፋንታዬ ሆና ቀረች። የመጣችው ለመንገድ ሠሪዎች ካምፕ ምግብ አብሳይ ሆና ነው። ካምፑ ሲዘጋ ሌሎቹ ሄዱ፣ እሷ ቀረች። ዘመኑ ሰው ሁሉ ስለ ሚሊኒየም የሚያወራበት ነበር። ማኪያቶ ሁለት ብር ነው፤ ሦስት ሲሆን ፒያሳ በሙሉ አጉረምርሟል። እኔ ሱሪ የማሳጥረውም በዚያው ዋጋ ነበር። ልጃገረዶቹ እምብርት የሚያሳይ ሹራብ ከወገብ ዝቅ ካለ ጂንስ ጋር ይለብሳሉ፤ ከየካሴት ቤቱ የሚወጣው ዘፈን አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ ከላይ ከወርቅ ቤቶቹ ጀምሮ እስከ እኛ በር ድረስ ይወርዳል፤ ማታ ደግሞ የውቤ በረሃው ይቀበለዋል። በአንዱ ጠዋት ከፊት ለፊቴ ሱቅ የነበረው ጋሽ ሸምሱ አንዲት አጭር ሴት አስከትሎ መጣ። ጋሽ ሸምሱ ከወለኔ መጥቶ ሰፈራችን የሸበተ፣ የሰውን ችግር ከባለቤቱ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው። ሴትዮዋ በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በሌላው ድስት ይዛለች።

“አስካለ፣ ጓዳሽ ባዶ አይደል? እስኪ አስጠጊያት” አለኝ። “የቻይና ዕቃ አይበረክትም እንዳትይኝ። ይቺ ኦሪጅናል ናት።”

እስከዚያ ቀን ድረስ ቻይና ለእኔ ዕቃ ነበር እንጂ ሰው አልነበረም። በልጅነቴ አባቴ የገዛው ትልልቅ ቀይ አበባ ያለበት ቴርሞስ ቻይና ነበር። ጠርዙ ሰማያዊ የሆነው የቆርቆሮ ሳህናችንም ቻይና። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ጫማው፣ ጃንጥላው፣ ብርድ ልብሱ፣ ሁሉም ቻይና ሆነና ሰው እንደሚኖርበት እንኳ ረሳን መሰለኝ። ፋንታዬ ቤቴ በገባች ዕለት ቡፌዬ ላይ ያንን የአባቴን ቴርሞስ አየችና ዓይኗ ፈጠጠ። በኋላ እንደገባኝ እናቷ ቤትም ያው ነው፤ ለሰርጓ የተሰጣት፣ አበባው ራሱ አንድ የሆነ። ሁለታችንም ከአንድ ዓይነት ቴርሞስ ሻይ እየጠጣን አድገን ኖሯል። እንዴት እንደሳቀች! ሳቋ ከሰውነቷ ይበልጣል።

ከዚያ ወደ ስፌት መኪናዬ ሄደች። ጠረጴዛው ላይ ከነበሩት ዚፖች አንዱን አነሳች፣ ገና ያልተገጣጠመ ሱሪ ሳበች፣ ቁጭ አለችና እኔ መነጽሬን እስካጠልቅ ሰፍታ ጨረሰችው። ሥራዬን ልትቀማኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ። “በይ እንግዲህ ኪሱንም ቀጥይ” ብላት እጇን ከመኪናው ላይ አነሳች። ኪስ አታውቅም። ወገብም፣ እግርም አታውቅም። ከጊዜ በኋላ፣ አማርኛው ትንሽ ሲገራላት፣ ነገሩን አጫወተችኝ። ካምፕ ከመምጣቷ በፊት በአገሯ ደቡብ በአንድ ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ ሠርታለች። አዳራሹ ጫፉ አይታይም። አንዷ ግራ እግር ትሰፋለች፣ የሚቀጥለው ቀኝ እግር፣ ሌላዋ ኪስ፤ እሷ ደግሞ ዚፕ። ሱሪው ይመጣል፣ ያልፋል፣ ሌላ ይመጣል። ወጣትነቷን ሙሉ ዚፕ ስትሰፋ ኖራ አንድም ቀን ሱሪ ሰፍታ አታውቅም። “እኔ ሱሪ የለም፣ እትዬ። ዚፕ ብቻ” አለችኝ። እኔ ደግሞ የመርካቶን ሱሪ ሁሉ ሲያሳጥር የኖረ ሰው ነኝ። እሷ እዚያ ዚፑን ስትሰፋ፣ እኔ እዚህ ጫፉን ስቆርጥ፣ ሳንተዋወቅ ስንት ሱሪ ላይ ተገናኝተን ይሆን? 

ማታ ማታ ትልቅ ጎመን ከትፋ፣ ሊጥ በእንጨት ዳምጣ፣ ትንንሽ እንደ ጆሮ የተጠቀለለ ነገር ትሠራለች። ለምትሸጥላቸው የአገሯ ሰዎች የአሳማ ሥጋ ታገባበታለች፤ የእኔ በጎመንና በዕንቁላል፣ በሌላ ድስት ነው። ያ ድስት ተሳስቶ እንኳ ከዚያኛው ጋር ተነካክቶ አያውቅም። እየጠቀለለች ታወራለች፣ እኔ ክር እየበጠስኩ እሰማለሁ። በተወለደችበት መንደር የቀረው ሰው አሮጊትና ሕፃን ብቻ ነው፤ ጉልበት ያለው ሁሉ ፋብሪካ ነው። ሰው በዓመት አንዴ፣ ለዘመን መለወጫ፣ በባቡር ይመለሳል፤ መቀመጫ ያጣ ቆሞ አድሮ፣ ቆሞ ውሎ ይደርሳል። አሁን ግን እንደ ጥይት የሚወረወር ባቡር መጥቷል። መንደሩም ተነስቶ ገበሬዎቹ ፎቅ ላይ ቤት ተሰጥቷቸዋል። እናቷ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ላይ ዶሮዋን ይዛ ወጥታ በረንዳ ላይ ታረባለች፤ ማታ ማታ ደግሞ የሰፈሩ አሮጊቶች አደባባይ ላይ ቴፕ ከፍተው ተሰልፈው ይጨፍራሉ። ጎረቤታችን እማማ ተዋቡ ይህን ሲሰሙ አማተቡ። እማማ ተዋቡ የሴቶች እድራችን ዳኛ ናቸው፤ ለቅሶ ያለ እሳቸው አይጀመርም፣ ያለ እሳቸው አያልቅም። “ዶሮ ፎቅ ላይ? ሰውስ እሺ፣ ዶሮዋ ምን በደለች?” ብለው አሳቁን። ዛሬ እኔ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ በጣሳ ጤና አዳም አሳድጋለሁ። እማማ ተዋቡ ይህን ሳያዩ አረፉ።

ፋንታዬ ስታወራ አንድ ቦታ ስትደርስ ሁሌ ታቆማለች። ልጅ አለቻት፤ ከእናቷ ጋር ትታት የመጣች ሴት ልጅ። ልጅቱ ገና ዳዴ ስትል ነው እሷ ወደ ፋብሪካ የተመለሰችው። አንድ ዓመት ለበዓሉ መንደሯ ስትመለስ ልጅቱ አያቷ ጀርባ ተሸሽጋ እንደ ማንኛዋም እንግዳ ሴት “አክስቴ” አለቻት። ያንን ቃል ፋንታዬ ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ፣ እጇ ላይ ያለውን ሊጥ እያየች። ከዚያ ወዲህ በስልክም ቢሆን ልጅቱ ምንም ብላ አትጠራትም። እሺ፣ የለም፣ እሺ፣ ከዚያ ስልኩን ለአያቷ ታቀብላለች። ልጇ እናት ብላ ሳትጠራት አድጋ እንዳታልቅ፣ የፋንታዬ ጭንቀት ይኸው አንድ ነገር ነበር።

አንድ ቀን “ሱሪ አስተምሪኝ” አለችኝ። ሙሉውን፣ ከወገብ እስከ ጫፍ፣ ለልጇ። ጨርቅ ቆረጥንላት፣ ቡና ዓይነት ኮርዶሮይ። ቁመቷን ስጠይቃት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ያ ትታት ስትመጣ የነበራት ቁመት እንደሆነ ልጅ ያሳደገ ሰው ሁሉ ያውቃል።  ለሚያድግ ልጅ ሲሰፋ እግሩ ሥር ወፍራም እጥፋት ይተዋል፤ ልጁ ባደገ ቁጥር ይፈታለታል። እሱን አሳየኋት፣ ከለመድኩትም አብልጬ አስተውኳት። ዚፑን ስትሰፋ ግን እንደ ወትሮዋ አልፈጠነችም። ሦስቴ ፈታ ሰፋችው።

ሱሪው ከተላከ ሰንብቶ ፋንታዬ ጭጭ አለች። መብላት ተወች፣ ሳቋ ጠፋ። ምን ሆንሽ ብላት “ምንም” ነው። በዚያው ሰሞን የአገሯ ዘመን መለወጫ ዋዜማ ደረሰና ማታ ጠራችኝ። ቀይ ሹራብ ለብሳለች። ጠረጴዛው ላይ የቀረበው ሦስት ሳህን ነው፤ የእሷ፣ የእኔ፣ ሦስተኛው ባዶ ወንበር ፊት። ከሁሉም ምግብ ከጣፋጩ እየመረጠች ለባዶው ወንበር አወጣች፣ የሚበሉባቸውን ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች አጠገቡ ደርድራ አስቀመጠች። ለማን ነው አልኳት። “ለልጄ” አለችና ዓይኗ ሞላ። 

እንግዲህ ፍረዱኝ። እኛ አገር ለሌለ ሰው ድግስ የሚቀርበው ሰውየው ከሞተ ነው። ሰንብታ ጭጭ ብላለች፣ አትበላም፣ ልጄ ብላ እንባዋ ይመጣል። መርዶ በስልክ ደርሷት፣ አገር የላት፣ ዘመድ የላት፣ ብቻዋን ውጣው ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ሌሊቱን አልተኛሁም። ሰው አጠገባችን ሆኖ ሐዘኑን ብቻውን ከዋጠማ የእኛ ጎረቤትነት ምኑ ላይ ነው? ገና ጎህ ሳይቀድ እማማ ተዋቡን ቀሰቀስኩ። እሳቸውም ነገሩን እስከ መጨረሻው አልሰሙም፤ “እኔን! ልጅ ሞቶባት እኛ ተኝተን!” ብለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ጎህ ሲቀድ የዶሮ ማነቂያ ሴት ሁሉ የጓዳዬን በር ሞልቶ ነበር። ጋሽ ሸምሱ ሱቁን ሳይከፍት ኮፍያውን አውልቆ መጣ። የእድሩ አግዳሚዎች ወረዱ፣ ንፍሮ ተጣደ።

ፋንታዬ በሩን ስትከፍት ያን ሁሉ የሚያለቅስ ሕዝብ አየች። ምን አደረገች መሰላችሁ?  ከሰፈሩ ሰው ሞቷል ብላ እማማ ተዋቡ አንገት ላይ ተጠምጥማ ማልቀስ ጀመረች። የከረመ እንባ ነበራት፣ ሰበብ አገኘ። ደረቷን ስትመታ ሴቶቹ እጇን ያዙ፣ እሷ መልሳ የእነሱን እንባ ጠረገች። ፀሐይ እስክትወጣ እንዲህ አለቀስን። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

“እትዬ፣ ማነው የሞተው?”

 እኔ ሳልመልስ እማማ ተዋቡ ሰምተው ኖሮ ፀጉሯን እየዳበሱ፣ “ልጅሽ ናታ፣ የኔ ዓለም። ብቻሽን አትዋጪው” አሏት።

ያን ፊት ዛሬም አልረሳው። እኛ ከእሷ የሰማን መስሎን ነበር፤ እሷ ደግሞ እኛ የሰማነው እውነት መሰላት። ከዚያ በኋላ የመጣው ጩኸት የለቅሶ ጩኸት አልነበረም። ነገሩ የገባው መጀመሪያ ለጋሽ ሸምሱ ነው። ሮጦ ሱቁን ከፈተ፣ ያለውን የስልክ ካርድ ሁሉ አምጥቶ በጥፍሩ እየፋቀ ቁጥሩን ያነብላት ጀመር። ሁለቴ ቁጥር ተሳሳተች። በሦስተኛው ጠራ። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ወደ ስልኩ ተጠጋ። በዚያ በኩል ርችት ይንጣጣል፣ ሰው ይንጫጫል፣ ከዚያ የልጅ ድምፅ መጣ። ፋንታዬ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ብቻ ታለቅሳለች።  የልጅቱ ድምፅ ሲለወጥ ሰማን፣ ፈራች። “ማ?” አለች። “ማ! ማ!”

ያንን የሚያስተረጉም አላስፈለገንም። ሴቶቹ እንደገና አለቀሱ፣ አሁን ግን በእልልታ። ልጅቱ ሱሪውን በበዓሉ ቀን ለብሳው ኖሯል፤ እጥፋቱ ሁሉ ተፈትቶ እንኳ ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሏል። እማማ ተዋቡ ነጠላቸውን መልሰው አስተካከሉና በቁሟ የተለቀሰላት ዕድሜዋ ይረዝማል ብለው ፈረዱ፤ ንፍሮውም የበዓል ንፍሮ ነው ተባለና ከፋንታዬ ጥቅልል ጋር ተበላ። ያን ጊዜ ነው የሳህኑን ነገር ያስረዳችን። የሚቀመጠው ለሞተ ሳይሆን በሕይወት እያለ መምጣት ላልቻለ ነው። ድርሻውም አይደፋም፤ በማግስቱ የቀሩት ይበሉታል፣ አብሮ እንደበላ ይቆጠራል። እንዲህ ብላን የልጇን ድርሻ ለሁላችንም አንድ አንድ ጉርሻ አከፋፈለችን።

ጦሱ ግን ለእኔ ተረፈ። ልጅቱ በዚያ ስልክ ላይ መቼ ነው የምትመጪው ብላ ጠይቃት ኖሯል። ጠይቃት አታውቅም ነበር። ለፋሲካ ፋንታዬ አልነበረችም። ስትሄድ ቴርሞሱን ስጪኝ ትል ይሆን ብዬ ነበር፣ አላለችም። በር ላይ እጄን ይዛ፣ “በየዓመቱ ለእትዬ ሳህን አለ። የሞተ አይደለም” አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ለጥቂት ዓመታት ፎቶ ይመጣልኝ ነበር፤ እሷ ፎቅ ላይ፣ ልጅቱ በቁመት በልጣት፣ አንዴም የበዓል ጠረጴዛና ዳር ላይ አንድ የተሞላ ሳህን። በኋላ ስልኬ ታክሲ ውስጥ ተሰረቀና ቁጥሯ አብሮ ሄደ። ጋሽ ሸምሱ ሱቁን ዘግቶ አገሩ ገባ። ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ። ዛሬ ፋንታዬ ልትፈልገኝ ብትመጣ የምታንኳኳው በር የለም። ሌሊት የሚያነቃኝ ነገር ቢኖር ይኼ ነው፤ ሻንጣዋን ይዛ እዚህ ሣር ላይ ቆማ ወዲያ ወዲህ ስትል ትታየኛለች።

አግዳሚው ላይ የነበሩትን ወጣቶች ልነሳ ስል ከፋንታዬ የቀረችኝን አንዲቷን ሰላምታ፣ “ቺ ፋን ለ ማ?” አልኳቸው። በልታችኋል ወይ ማለት ነው። አንደኛው አፉ እንደሞላ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ምግቡን በሁለት እጁ ዘረጋልኝ። የአሳማ ሥጋ እንዳይሆን ፈርቼ ሽታውን ብቻ ስቤ፣ ደረቴን ነክቼ አመስግኜ ሄድኩ።

እነሱ በዓላቸውን በጨረቃ ነው የሚቆጥሩት። እኔ ጨረቃ መቁጠር ስለማልችልበት ለጥር ጊዮርጊስ አድርጌዋለሁ። የዚያን ዕለት ማታም እንደ ሁልጊዜዬ ጎመን በዕንቁላል ሠርቼ ሁለት ሳህን አቀረብኩ፣ አንዱን ባዶ ወንበር ፊት። ከፊት ለፊቴ የምትኖረው ልጅ ጨው ልትበደር ገባች፤ ጥሩ ልጅ ናት፣ ባንክ ነው የምትሠራው። ሳህኑን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለፋንታዬ አልኳት።

“ውይ፣ ነፍስ ይማር እትዬ” አለች።

አላረምኳትም። ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም። ጨውዋን ይዛ በሩን ቀስ ብላ ዘጋች። እኔም በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ፣ ወንበሮቹን እንደ ለቅሶ ቤት በግድግዳው ዙሪያ ደረደርኩ፣ የአባቴን ቴርሞስ በፍል ውኃ ሞላሁ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ደረጃው ላይ የእግር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ነጠላዬን አስተካክላለሁ። ሰዎቹ ይወርዳሉ፣ ወደየሥራቸው ይሄዳሉ። ያቺም ልጅ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች፣ በእጇ ሰላም አለችኝና ወረደች።

ፀሐይ ስትሞቅ በሩን ዘጋሁት። ከዚያ የፋንታዬን ድርሻ አሙቄ ለብቻዬ በላሁት፤ አይደፋማ።